የሰናፍጭ ቅንጣትና የናይን በር

የሌላውን ሃይማኖት መጽሐፍ ማንበብ ለካህን ይገባዋልን? ብሎ የሚጠይቀን ሰው ቢኖር፥ መልሱን ከእኛ ሳይሆን ከእጨጌ ዕንባቆም ይቀበል እንለዋለን። እኒህ አባት ከየመን መጥተው በሀገራችን የተጠመቁ፥ በደብረ ሊባኖስም መንነው እስከ እጨጌነት የደረሱ ናቸው። ኢማም አሕመድ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጥል በነበረበት ዘመን «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉለት፥ ክርክራቸውን ያስረዱት ከራሱ ከቁርኣን እየጠቀሱ ነው። መጽሐፉን አንብበው ባይሆን ኖሮ ምን ብለው በመለሱለት ነበር? ያላነበቡትን መጽሐፍ መንቀፍ ያላዩትን ሰው እንደ ማማት ነው።

ይህን ቃል ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቡድሃን ትምህርት ለጀማሪ የሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ ባለፈው ዓመት በእጃችን ገብቶ ነበርና ነው። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ የጻፉት ዋልፖላ ራሁላ የተባሉ፥ ያን ጊዜ ሴሎን ዛሬ ስሪ ላንካ የምትባለው ደሴት ተወላጅ መነኩሴ ናቸው፤ የታተመውም በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1959 ነው። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቡድሃ ያስተማረው» የሚል ይሆናል። የእኛ እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት የሚደገፍ ስለ ሆነ፥ ትንሹን መጽሐፍ ለመፈጸም ሦስት ወር ፈጅቶብናል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር መናገር ሳይጠቅም አይቀርም። ይህ ስም በአማርኛ ሲነገር ሰው ሁሉ ስለሚፈራው ስለ ቡዳ የሚወራ እየመሰለው የሚያማትብ አይተናል። ነገሩ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ቡድሃ ማለት በሀገሩ ቋንቋ የነቃ፥ ከእንቅልፍ የተነሣ ማለት ነው። ሰውን በስሙ ብቻ መፍራት ደግሞ ለክርስቲያን አይገባም።

መጽሐፉን የሰጠን በጉባኤያችን ዳዊት የደገመ፥ በኋላም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባ ወጣት ነው። ታናሽ ወንድሙ በድንገት ሞቶበት፥ በሠልስቱ ቀን ከድንኳኑ ውስጥ ቆመን አስተምረን ነበር። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን፥ የዚህ ዓለም ነገር እንደ ሣር የሚጠወልግ እንደ ጥላም የሚያልፍ መሆኑን፥ ነገሥታትም ባለጠጎችም ከዚህ መንገድ እንዳልቀሩ፥ ስለዚህም ዕንባ ማብዛት እንደማይገባ፥ በልማድ የሚነገረውን ሁሉ ተናገርን። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። ከሳምንት በኋላ ይህ ወጣት መጽሐፉን ይዞ ከቤታችን መጣና፥ «አባታችን፥ በሠልስት ያስተማሩን ትምህርት በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ እንዲያውም ይኸኛው ምክንያቱን ጨምሮ ይናገራል። እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለን። የተናገረው በትዕቢት አልነበረም። ዐይኑ በልቅሶ አብጦ ነበር። ያን ቀን መልስ አልሰጠነውም፤ አንብበን እንነግርሃለን ብለን አሰናበትነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው፥ ከሃይማኖት መሥራቾች መካከል ቡድሃ ራሱን ከሰው የተለየ ያላደረገ፥ ትምህርቱንም ከአምላክ ተቀበልሁ ያላለ መሆኑን በመናገር ነው። ጎታማ ሲድሃርታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት በሕንድ ሰሜን የተወለደ የገዥ ልጅ ነበር። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ መነነ፤ ስድስት ዓመት በጾምና በድካም ከተንከራተተ በኋላ በ35 ዓመቱ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ እውነቱን አገኘሁ አለ፤ ከዚያም 45 ዓመት ሲያስተምር ኖሮ በ80 ዓመቱ ሞተ። የመጀመሪያ ስብከቱ በባራናሲ ከተማ አጠገብ ለአምስት ባሕታውያን የተሰጠ ሲሆን፥ የትምህርቱ ሁሉ መሠረት በዚያ ይገኛል።

መሠረቱም አራት እውነቶች ናቸው። ደራሲው እንደ ሐኪም ሥራ አድርገው ይተረጉሙታል፤ ሐኪም አስቀድሞ በሽታውን ያውቃል፥ ቀጥሎ የበሽታውን ምክንያት ይመረምራል፥ ከዚያም የሚድን መሆኑን ይናገራል፥ በመጨረሻም መድኃኒቱን ያዝዛል። በሽታው በእነርሱ የመጽሐፍ ቋንቋ በፓሊ ዱካ ይባላል። ይህንም ቃል መከራ ብሎ መተርጐም ብቻ እንደማይበቃ ደራሲው አጥብቀው ያሳስባሉ። ሕመምና ሞት ዱካ ናቸው፤ ነገር ግን ደስታም ራሱ የማይቆም ስለ ሆነ ከዱካ አይወጣም። የበሽታው ምክንያት ጥማት፥ ማለትም የማይጠግብ ምኞት ነው። ጥማቱ ሲጠፋ የሚገኘው ዕረፍት ኒርቫና ይባላል። መድኃኒቱ ደግሞ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው፤ በቀና አስተያየት ጀምሮ በቀና ንግግርና በቀና ሥራ አልፎ ልቡናን በመሰብሰብ ይፈጸማል። ውሸትን፥ ሐሜትን፥ ነፍስ መግደልን፥ የጦር መሣሪያና የሚያሰክር መጠጥ ንግድን ይከለክላል። በዚህ ክፍል ላይ ብዙ አንዘገይም፤ ሕገ ልቡና በሰው ሁሉ የተጻፈ መሆኑን ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ስላስረዳ፥ እንዲህ ያለ መልካም ነገር በሩቅ ሀገር ሲገኝ አያስደንቀንም።

ከተደነቅንባቸው ነገሮች ግን ሁለቱን እንናገር። አንደኛው የኡፓሊ ታሪክ ነው። ኡፓሊ የሌላ መምህር ተከታይ የነበረ ባለጠጋ ሰው ነው፤ ቡድሃን በክርክር እንዲረታ ተልኮ ሄደና ራሱ ተረታ። ደቀ መዝሙር አድርገኝ ባለው ጊዜ ቡድሃ አትቸኩል፥ ደግመህ አስብ አለው፤ በጸናበትም ጊዜ የቀድሞ መምህራንህን እንደ ልማድህ መርዳትህንና ማክበርህን አትተው ብሎ አዘዘው። እኛ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ጉባኤ የሄደ ተማሪ የቀድሞ መምህሩን ሲነቅፍ ሰምተን ዝም የምንል ሰዎች፥ ይህን ስናነብ ጥቂት ማፈራችን አልቀረም። ሁለተኛው የፍላጻው ምሳሌ ነው። ዓለም መጨረሻ አለውን ወይስ የለውም? ይህን ካልነገርኸኝ እተውሃለሁ ላለው ደቀ መዝሙር፥ ቡድሃ በመርዘኛ ፍላጻ የተወጋ ሰው የወጋኝ ማን ነው? ረጅም ነው ወይስ አጭር? ቀስቱ ከምን እንጨት ነው? ሳይነገረኝ ፍላጻው አይነቀልልኝ ቢል ሳያውቀው ይሞታል ብሎ መለሰለት። ክርክር ለምንወድድ ለጉባኤ ቤት ልጆች ይህ ምሳሌ ጥሩ ተግሣጽ ነው።

ስለ ምኞት የሚናገረውን ክፍል ስናነብ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ማር ይስሐቅን ወይም ፊልክስዩስን የምናነብ ይመስለን ነበር። አሳብ እንዴት እንደሚነሣ፥ እንዴት እንደሚለመድ፥ ሰውን እንዴት እንደሚገዛ በጥንቃቄ ተመርምሯል። ወጣቱ ልዩነቱ ምንድን ነው? ማለቱ እንግዲህ ከስንፍና የመጣ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የዚህ ሰው ታሪክ ሳናውቀው በቤታችን የነበረ መሆኑ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው እጨጌ ዕንባቆም፥ ለአፄ ገላውዴዎስ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለ፤ ዘመኑም በአውሮጳውያን አቆጣጠር 1553፥ በእኛ 1545 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የሕንድ ንጉሥ ልጅ የሆነውን የይዋስፍን ታሪክ ይናገራል። ንጉሡ ልጁ ኀዘንና ሞት የሚባል ነገር እንዳያውቅ በእልፍኝ ዘግቶ አሳደገው፤ ልጁ ግን ሊንሸራሸር በወጣ ጊዜ በሽተኛና ዕውር፥ ኋላም የጐበጠ ሽማግሌ አይቶ ልቡ ቈሰለ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1859ና በ1860 የፈረንሳይና የጀርመን ሊቃውንት መጻሕፍቱን አስተያይተው፥ ይህ ታሪክ ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ የተወረሰ መሆኑን አስረዱ። ገና ወደ መንቃት ያልደረሰው ቡድሃ በሕንድ ቦዲሳትቫ ይባላል፤ ስሙ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ፤ በዐረብኛ ፊደል «ብ»ና «ይ» የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ስለ ሆነ ጸሓፊዎች ዩዳሳፍ አሉት፤ በግሪክኛ ዮአሳፍ፥ በእኛም ይዋስፍ ሆነ። ግሪኮችና ላቲኖችማ በቅዱሳን መቁጠሪያቸው ጽፈውት ነበር። አንዲት ነጥብ ይህን ያህል መንገድ ማስኬዷ ለጸሓፊዎቻችን ትምህርት ይሆናል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እንግዲህ መጽሐፋችን ከአሕዛብ የተቀዳ ነው ማለት ነውን? ይላል። እኛ ግን አልደነገጥንም። የግብጽን ወርቅ ለደብተራ ኦሪት ሥራ ማዋል በእስራኤል ዘንድ የተለመደ ነው። ይልቅስ አባቶች ታሪኩን ሲቀበሉ ምን እንደ ለወጡ መመልከት ይገባል። በሕንዱ ታሪክ የንጉሡ ልጅ ሽማግሌውን፥ በሽተኛውን፥ አስከሬኑን ካየ በኋላ መድኃኒቱን ፍለጋ ራሱ ይወጣል፤ ራሱ ይደክማል፤ ራሱም ያገኛል። በእኛው መጽሐፍ ግን ልጁ ቈስሎ በእልፍኙ ተቀምጦ ሳለ፥ በረላም የተባለው ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ፥ የከበረ ዕንቍ ይዤአለሁ ብሎ ከበሩ ድረስ ይመጣለታል። ቍስሉ አንድ ነው። ልዩነቱ በበሩ ላይ ነው፤ አንዱ ከበሩ ይወጣል፥ ወደ አንዱ በበሩ ይገባለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የመጽሐፉ ስድስተኛ ምዕራፍ ነፍስ የለችም የሚለውን ትምህርት ይዟል። ሰው የምንለው ሥጋ፥ ስሜት፥ ነገርን መለየት፥ የልብ አሳብና ፈቃድ፥ ማወቅም ተሰብስበው በየጊዜው የሚፈሱበት ነው እንጂ፥ ከእነዚህ በስተኋላ «እኔ» የሚባል የሚጸና ነገር የለም ይላል። ማታ የተለኮሰ መብራት እስኪነጋ ሲነድ ያድራል፤ የንጋቱ ነበልባል የማታው አይደለም፥ ሌላም አይደለም፤ ሰውም እንዲሁ ነው ይላሉ። ኒርቫና መጥፋት ነው የሚሉትንም ደራሲው ይነቅፋሉ፤ የሚጠፋ «እኔ» ከመጀመሪያው የለምና። እግዚአብሔርን ስለ ማመንም ሲናገሩ፥ ሰው ከፍርሃቱ የተነሣ የሚጠብቀው አምላክ አሰበ፥ ለመኖር ካለው ምኞት የተነሣም የማትሞት ነፍስ አሰበ ይላሉ።

ለዚህ የምንመልሰው ሁለት ነገር አለን። ሰው ለፍርሃቱ መጠጊያ እንዲሆነው አምላክ ቢሠራ ኖሮ፥ የሚሠራው እንዲህ ያለውን አምላክ አልነበረም። መስቀልህን ተሸከም የሚል፥ ራሱም በመስቀል ላይ ራቁቱን የተሰቀለ፥ ወዳጆቹ ሰማዕታትን ከእሳትና ከሰይፍ ያላስጣለ አምላክ ለፈሪ ሰው ልብ ወለድ አይመችም። ሁለተኛው መልስ ግን ከመቃወም ይልቅ መስማማት ይበዛበታል። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ፥ ፍጥረት ካለመኖር የመጣ ስለ ሆነ በራሱ ቢተው ወደ አለመኖር እንደሚመለስ፥ የሚያጸናውም የፈጣሪው ቸርነት ብቻ እንደ ሆነ ያስተምራል። እንግዲህ በሰው ውስጥ በራሱ የሚጸና ነገር የለም ቢሉን፥ በራሱ ካሉን አንከራከርም። ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት የምንለው ከራሷ ባገኘችው ኀይል አይደለም፤ በስሟ የጠራት ስላለ ነው። ነበልባሉ በየጊዜው ይለወጣል እንበል፤ መብራቱን የያዘው እጅ ግን አለ።

ይህ ነገር የጉባኤ ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ታሪክ እንጨምር። ታሪኩ የሚገኘው በእነርሱ መጻሕፍት ትርጓሜ ውስጥ ነው፤ እነርሱም እንደ እኛ ንባብና ትርጓሜ አላቸው። ኪሳ ጎታሚ የተባለች ሴት አንድ ልጇ ሞተባት። ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስጡኝ እያለች ከቤት ወደ ቤት ስትዞር ወደ ቡድሃ ላኳት። እርሱም፥ ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ጥቂት የሰናፍጭ ቅንጣት አምጪልኝ አላት። ሰናፍጭ በየቤቱ አለ፤ ሞት ያልገባበት ቤት ግን አልተገኘም። ስትዞር ውላ ነገሩ ገባት፤ ልጇን አውጥታ ትታ ወደ ቡድሃ ተመለሰችና መነኵሲት ሆነች። ይህ ርኅራኄ የሌለው ሰው ሥራ አይደለም። በሐዘን ያበደችውን ሴት በቃል ብዛት ሳያደክማት፥ ከጎረቤቶቿ ኀዘን ጋር አገናኝቶ ወደ ልቧ መለሳት።

ነገር ግን ሌላ እናት ደግሞ አለች። በሉቃስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ የምትገኘው የናይን መበለት ናት፤ የእርስዋም ልጅ አንድ ነበር። ጌታችን ከከተማዪቱ በር ሲደርስ ሬሳው ሲወጣ አገኘው። አዘነላትና አታልቅሺ አላት። ይህንስ እኛም እንላለን። ከዚህ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ሟች ነው አላላትም፥ ከጎረቤቶችሽ ቤት ሂጂና ጠይቂ አላላትም። ቀርቦ ቃሬዛውን ያዘ፤ የተሸከሙትም ቆሙ። ልጁን አስነሥቶ ለእናቱ ሰጣት። ወንጌላዊው ለእናቱ መስጠቱን ሳይናገር አለማለፉን ልብ እንበል። የተነሣው ነበልባል አይደለም፤ የእርስዋ ልጅ፥ ያ ራሱ ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ በሠልስቱ ቀን ከድንኳኑ ውስጥ የተናገርነው ሁሉ ትዝ አለን። ለዚያች እናትና ለዚያ ወንድም የሰጠናቸው የሰናፍጭ ቅንጣት ነበር። ለዚያውም ቡድሃ እናቲቱን ለብቻዋ ታግሦ ያስተማረበት ርኅራኄ ሳይኖረን፥ በድምፅ ማጉያ ነው የተናገርነው። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ስናስተምር የኖርን ሰዎች፥ አምስተኛውን፥ ትንሣኤ ሙታንን፥ ከመዝጊያው ጸሎት በፊት በአንዲት ቃል ብቻ ነካ አድርገን አለፍነው። ሰሎሞን ሁሉን ከንቱ ያለበት መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት መቆጠሩ እውነት ነው፤ ከወንጌል በፊት መጻፉም እውነት ነው። ወጣቱ ልዩነቱን ያጣው መጽሐፉ አታልሎት ሳይሆን፥ እኛ ልዩነቱን ስላልነገርነው ነው።

ወጣቱን አስጠርተን ይህንኑ ሳንደብቅ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «የናይኑም ልጅ በኋላ ሞቷል፤ የእኔ ወንድም ደግሞ አልተነሣም» አለን። መልካም ጥያቄ ነው፤ በጉባኤም ያልተጠየቀ አይደለም። እኛም፥ አዎን፥ የናይኑ ልጅ ሞቷል፥ አልዓዛርም ሁለተኛ ተቀብሯል፤ ያ ምልክት ነበር፤ ምልክቱ የሚያሳየው ሞትን ራሱን የሚይዝ እጅ እንዳለ ነው፥ የዚያም እጅ ባለቤት ራሱ ከመቃብር ተነሥቷል አልነው። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም፥ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አላቸው እንጂ። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ስለዚህ የአንተ ዕንባ ካለማወቅ ወይም ከምኞት ብቻ የመጣ በሽታ አይደለም፤ ወንድምህን የፈጠረውም አልቅሶበታል። ይህን ብለነው ዝም አልን። ወጣቱ ተስማማሁ አላለንም፥ አልተስማማሁምም አላለን። መጽሐፉን ልንመልስለት ስንዘረጋለት፥ ገና አልጨረሱትም ይሆናል፥ ከእርስዎ ዘንድ ይቆይ አለን። እስከ ዛሬም ከመጻሕፍታችን መካከል፥ ከመጽሐፈ መነኮሳቱ አጠገብ ተቀምጧል።

አርባው በደረሰ ጊዜ ከፍትሐቱ በኋላ ወደዚያው ቤት ሄድን። ሰው እንደ ልማዱ ትምህርት ይጠብቅ ነበር፤ እኛ ግን ወንጌሉን ገልጠን የናይኑን ታሪክ በአማርኛ ብቻ አነበብንና መጽሐፉን አጠፍን። የሟቹ እናት ከግድግዳው ጥግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው ነበር። ከሠልስቱ ጀምሮ ከአፋቸው ቃል ወጥቶ የሰማ እምብዛም አልነበረም። ሰው ሁሉ ሊነሣ ሲል ቀና ብለው፥ «አባታችን፥ ቃሬዛውን የያዘበትን ብቻ እንደ ገና ያንብቡልኝ» አሉን።

መጽሐፉን ገልጠን አነበብንላቸው።